«ብልቃጡን አሳዪኝ»

ካትዌ የካምፓላ ብረት ሠራተኞች ሰፈር ነው። በር፣ ምድጃ፣ የወፍጮ አካል ሳይቀር እዚህ ይበየዳል፤ ከፋብሪካ የወጣውን አስመስሎ መሥራትም ይታወቅበታል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው፣ እንደ መርካቶ ገበያተኛ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ዕቃውን ያገላብጣል፤ «ኦሪጅናል ነው?» ይላል። እኔ በነርስነት በምሠራበት ክሊኒክም ይኸው ጥያቄ ይከተለኛል። ልጇን ያዘለች እናት «ሙሳዎ» ብላ፣ እዚህ የጤና ባለሙያ በሚከበርበት ስም ጠርታኝ፣ ክትባቱን ማን እንደላከውና ለምን በነፃ እንደሚሰጥ ትጠይቀኛለች።

ጥያቄውን አለማወቅ የወለደው ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ካምፓላ ውስጥ ቢያንስ 800 ሰዎች የሐሰት የኮቪድ ክትባት ተወግተዋል። በዩጋንዳ ቤተ መንግሥት ሥር ያለው የጤና ክትትል ክፍል ነገሩን ሲመረምር አንዳንዶቹ ብልቃጦች ውሃ ይዘው ተገኙ። በወንጀሉ የተጠረጠሩት የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። የተታለሉት ሰዎች ክትባት የሚሸሹ አልነበሩም። ወረርሽኙ በበረታበት፣ ክትባቱም በጠፋበት ወቅት ከኪሳቸው ከፍለው ለመከተብ የተሰለፉ ናቸው። የተጎዳው ያመነው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ «ብልቃጡን አሳዪኝ» የምትለኝን እናት በምን አፌ እወቅሳለሁ?

ነገሩ ከኮቪድም ይቀድማል። ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ የኖቤል ሽልማት ባገኘ ማግስት፣ በ1906፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ወዳሉት የሴሴ ደሴቶች መጥቶ በእንቅልፍ በሽታ የተያዙ ሰዎችን አቶክሲል በተባለ አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት አከመ። መጠኑ ሲጨመር ዓይናቸው እስከ ወዲያኛው የጠፋ ሕሙማን ነበሩ። የካትዌዋ እናት የኮህን ስም ሰምታ ላታውቅ ትችላለች፤ «ይሞክሩብናል» የሚለው ስጋት ግን ከባዶ አልተነሣም። ናይጄሪያ ውስጥም በ1996 በካኖ ግዛት ፋይዘር በማጅራት ገትር በታመሙ ሕፃናት ላይ ያደረገው የመድኃኒት ሙከራ በ2003 ግዛቲቱ የፖሊዮ ክትባትን ስታቋርጥ ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። ቫይረሱም ካኖ ላይ አልቀረም፤ ሱዳንን አቋርጦ ኢትዮጵያ ገባ።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ግን የየዕለቱ ነገር ነው። ለልጇ የወባ መድኃኒት ፍለጋ ጤና ጣቢያ ሄዳ «አልቋል፣ ከፋርማሲ ግዢ» የተባለች እናት፣ በሳምንቱ ክትባት የያዘ ቡድን በሯን ሲያንኳኳ ምን ታስብ? ለለመነችው ነገር ማንም አልደረሰላትም፤ ያልጠየቀችው ግን በነፃ ቤቷ ድረስ መጣ። ዩጋንዳ ከ2015 ጀምሮ ለ10 ዓመት ልጃገረዶች በምትሰጠው የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ላይ ጥርጣሬው ይብሳል። ለምን ሴት ብቻ? ለምን በዚህ ዕድሜ? መካን ሊያደርጓት ነው? መልሱ ቀላል ነው፤ ክትባቱ በደንብ የሚሠራው ልጅቷ ካንሰሩን ለሚያመጣው ቫይረስ ከመጋለጧ በፊት ሲሰጥ ነው። ግን ይህን ቁጭ ብሎ የሚነግራት ያስፈልጋል።

በ2017 የወጣው የክትባት ሕግ ልጁን ለማስከተብ እንቢ ያለ ወላጅ እስከ 6 ወር እንዲታሰር ይፈቅዳል። ሕጉ የተሞላ ካርድ ያስገኝ ይሆናል፤ እምነት ግን አያስገኝም።

እኔ ብልቃጡን አሳያለሁ። በብዙዎቹ የሕፃናት ክትባቶች መለያ ላይ በክብ ውስጥ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፤ ሙቀት ሲነካት ትጠቁራለች። ከክቡ የነጣች እስከሆነች ድረስ ክትባቱን ሙቀት አላበላሸውም፤ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለች ይጣላል። እናትየው ይህን በዓይኗ ታያለች፣ የሚያበቃበትን ቀን ታነባለች፣ መርፌው ፊቷ ይከፈታል። ማታ ልጁን ሊያተኩሰው፣ የተወጋበትም ቦታ ሊያብጥ እንደሚችል አስቀድሜ እነግራታለሁ። ይህ የተነገራት ለሁለተኛው ዙር ትመለሳለች። ያልተነገራት ግን ሌሊቱን ከሚያለቅስ ልጅ ጋር ታድርና ጠዋት ለጎረቤት «መረዙብኝ» ትላለች፤ ወሬው ከእኛ ይፈጥናል።

ካምፓላ ያላችሁ ሐበሻ እናቶችም ይህን ጥርጣሬ ትጋራላችሁ፤ ቋንቋው ሲጨመርበት ደግሞ ይከብዳል። የልጃችሁን የክትባት ካርድ ከአዲስ አበባም ይሁን ከሌላ አገር እንደተሰጠ ይዛችሁ ኑ፤ ያልገባችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ። አላሳይም የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ልጁን ይዛችሁ ወደሚያሳያችሁ ሂዱ እንጂ ሳይከተብ አታስቀሩት።