«እግዚአብሔር ካለ» ስንል

በአገራችን «እግዚአብሔር ካለ» የማይባልበት ነገር የለም። ነጋዴ ለመንገድ ሲነሣ፣ ገበሬ ዘር ሲዘራ፣ ወዳጅ ከወዳጁ ጋራ ለነገ ሲቀጣጠር ይህ ቃል ከአፉ አይለይም። መልካም ቃል ነው። ሰው ነገ በእጁ አለመሆኑን ማወቁን የሚገልጽበት ስለ ሆነ የትሕትና ምልክት ነው። ነገር ግን መልካም ነገር ሁሉ ያለ ቦታው ሲገባ እንደሚበላሽ፣ ይህም ቃል አንዳንድ ጊዜ ትሕትናነቱ ቀርቶ የስንፍና መሸፈኛ ሲሆን ይታያል።

አንድ ሽማግሌ ከሩቅ አገር መጥተው በአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ሲጠኑ ሰንብተዋል እንበል። ወጣቱ ጸሐፊ በአክብሮት ብድግ ብሎ፣ «አባባ፣ ነገ ይመለሱ፤ እግዚአብሔር ካለ ያልቅልዎታል» ይላቸዋል። ሽማግሌውም «አሜን ልጄ» ብለው ይሄዳሉ። የርሳቸው «አሜን» ከልባቸው ነው። ፋይሉ ግን የተቀመጠው በጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያውም ቁልፍ ያለው በጸሐፊው ኪስ ነው። እግዚአብሔርማ ካለ ሰንብቷል፤ ያላለው ጸሐፊው ነው።

ይህ አነጋገር የመጣበትን ስፍራ መመልከት ይጠቅማል። የያዕቆብ መልእክት በ4ኛው ምዕራፍ፣ ወደ አንዲት ከተማ ሄደው፣ ዓመት ተቀምጠው፣ ነግደው ለማትረፍ ያሰቡትን ሰዎች ይገሥጻል። ዕድሜያቸው ታይቶ እንደሚጠፋ ጉም መሆኑን አስታውሶ፣ አሳባቸውን ከጌታ ፈቃድ በታች እንዲያደርጉት ይመክራቸዋል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ፤ መልእክቱ ንግድን አልከለከለም፤ አስቀድሞ ማሰብንም አልከለከለም። እንዲያውም ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ ሥራ የሌለውን እምነት ነፍስ ከተለየው ሥጋ ጋራ አስተካክሎታል። የሚለብሰውና የሚበላው ያጣ ወንድም ሲመጣባቸው፣ ልብስም እንጀራም ሳይሰጡ በመልካም ምኞት ብቻ የሚያሰናብቱትንም አጥብቆ ይነቅፋቸዋል። እንግዲህ «እግዚአብሔር ካለ» ማለትን ያስተማረን ያው መልእክት፣ እጅን አጣጥፎ ማለትን አስቀድሞ ዘግቶብናል ማለት ነው።

እኔ የማስተምር ሰው ስለ ሆንሁ ከመሥሪያ ቤቱ ይልቅ የትምህርት ቤቱ ነገር ያሳስበኛል። የፈተና ሰሞን ቤተ ክርስቲያን በተማሪ ይሞላል። አንዱ ሻማ ያበራል፤ አንዱ ስለት ይሳላል፤ ሌላው ደብተሩን ታቅፎ ቅዳሴ ያስቀድሳል። በዚህ ማንም ሊስቅ አይገባውም። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም. በተነገረ ጊዜ ግን፣ ከተፈተኑት መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያም በላይ ያገኙት ከመቶው 3.3 ያህሉ ብቻ መሆናቸው ታወቀ። ያን ጊዜ በብዙ ቤት «እግዚአብሔር አልፈቀደም» ሳይባል አልቀረም። እስቲ በእውነት እንነጋገር፤ እግዚአብሔር ከመቶው ከ96 የሚበልጠውን ልጅ ጠልቶ ነውን? ፈተናው በ2008 ዓ.ም. አስቀድሞ አደባባይ ወጥቶ እስከ መሰረዝ እንደ ደረሰ የማያስታውስ የለም። መልመጃውን ከመሥራት ይልቅ የተሰረቀ መልስ መጠባበቅ የለመደ ተማሪ ነበረ፤ መጽሐፍ ያልደረሰው ተማሪም ነበረ፤ አስተማሪው የጎደለበትም እንዲሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ወደ ሰማይ ከሰደድነው፣ በምድር ላይ የሚያርመው ማን ሊሆን ነው? ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ ማለዳ የሚጸልየው ልጅና፣ ሳያጠና የሚጸልየው ልጅ አንድ ዓይነት ጸሎት የሚጸልዩ አይመስለኝም። የመጀመሪያው የጨረሰውን ሥራ ያቀርባል፤ ሁለተኛው ግን ሥራውን ሌላ እንዲሠራለት ያዛል።

በዚህ ጉዳይ እጅግ የከበደው ነገር የደረሰብን ግን በሕመም ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ያለ ክፍያ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም.፣ ፈውስ ፈልገው ወደ እንጦጦ ጠበል የወጡ ብዙ ሕሙማን ነበሩ። ዘመድ ያገለላቸው፣ ቤት ያከራያቸው ያስወጣቸው፣ ከጠበሉ በቀር የሚቀበላቸው ያጡ ሰዎች ነበሩባቸው። ስለዚህ ከከተማው የተማረ ሰው ወጥቶ «ይህ አጉል እምነት ነው» ቢላቸው ባይሰሙት አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ክኒን መዋጥ እምነትን ማጉደል እየመሰላቸው መድኃኒቱን እንቢ አሉ፤ የጀመሩትን ያቋረጡም ነበሩ። መድኃኒቱ ደግሞ እንደ ራስ ምታት ክኒን ሲያሻ የሚወስዱት፣ ሲያሻ የሚተዉት አይደለም። በየቀኑ በሰዓቱ ካልተዋጠ ቫይረሱ ይለምደዋል፤ ከለመደውም በኋላ ያው መድኃኒት ላይሠራ ይችላል። ነገሩ የመጻሕፍት ክርክር ሳይሆን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበረ።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ሕሙማን ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒቱንም እንዲወስዱ፣ አንዱም ሌላውን እንደማይከለክል በግልጽ ተናገሩ። እንዲህ ያለው ቃል ከሐኪም አፍ ቢወጣ ኖሮ ምን ያህሉ ይቀበለው ነበር? ከአባት አፍ በመውጣቱ ግን ብዙ ሰው ከጭንቀት ዐረፈ።

ትምህርቱም አዲስ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ መጻሕፍት ጋራ የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ፣ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ባለ መድኃኒት ሰፊ ነገር ይናገራል። መድኃኒትን ከምድር ያበቀለ እግዚአብሔር መሆኑን፣ ልባም ሰውም እንደማይንቀው ያስረዳል። ሕመምተኛው አስቀድሞ ይጸልይ ይላል፤ ከዚያም ለባለ መድኃኒቱ ስፍራ እንዲሰጥ ያዛል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ባለ መድኃኒቱም በተራው ሥራው እንዲቃናለት የሚጸልይ መሆኑን መናገሩ ነው። ክኒኑን በመዳፉ ይዞ፣ አማትቦ፣ በጠበል የሚውጥ ሕመምተኛ፣ ከሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች ይልቅ ነገሩ የገባው ይመስለኛል።

ስለ ሥራ ይህን ያህል ስናገር፣ በሌላው ወገን ያለውም ጥፋት መዘንጋት የለበትም። ጥቂት ኬሚስትሪና ጥቂት ፍልስፍና የቀመሰ ወጣት፣ ሁሉን በራሱ ጥረት ያገኘ እየመሰለው፣ እናቱ ማለዳ ስለ እርሱ ስትጸልይ ፈገግ ይላል። ዲግሪውን ሲቀበል «ጥሬ ግሬ ያገኘሁት ነው» ይላል፤ ዕድገት ሲቀርበት ግን የሚይዘውን ያጣል። እንዲህ ያለው ሰው ያሰበው ሳይሆንለት ሲቀር መጠጥ ቤት ወይም ምሬት ውስጥ መግባቱ ብዙ ጊዜ የታየ ነው።

በዚህስ ገበሬው ይበልጠዋል። ለጤፍ ማሳውን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ደጋግሞ ያርሳል፤ ዝናብ የዘገየ እንደ ሆነም ከመንደሩ ጋራ ምሕላ ይይዛል። ማረሱ ምሕላውን አያስተወውም፤ ምሕላውም ማረሱን አያስተወውም። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው የድርቅ ዘመን በወሎና በትግራይ ስንቱ ገበሬ ከብቱን ጨረሰ፤ ስንቱስ ልጁን ቀበረ! ጸልዮም ነበር፤ ደክሞም ነበር። ዝናቡ ሲመለስ አንድ በሬ የተረፈው ከጎረቤቱ ጋራ ተቀናጅቶ አረሰ፤ አንድም ያልተረፈው በዶማ ቆፈረ። ዘሩንም ወደ መሬት ሲጥል፣ እንደ ወትሮው፣ «በስመ አብ» ብሎ ነበር።