ፋሽን ዲዛይን ለመማር ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም ላይ ትንሽ የሚቆይ ሰው ይህን ማስታወቂያ ሳያየው አይቀርም። የኮምፒውተር ስክሪን አለ፤ ስክሪኑ ላይ ቀይ ቀሚስ ለብሳ የምትሽከረከር አሻንጉሊት መሳይ ሴት፤ ከሥሯ ደግሞ «በሦስት ወር ፕሮፌሽናል የስሪዲ ፋሽን ዲዛይነር ይሁኑ፣ ቦታ ሳይሞላ ይመዝገቡ» የሚል ጽሑፍ። ቀሚሱ ሲወዛወዝ ያምራል፣ አልዋሽም። እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ስለ ገንዘብና ስለ ሥራ የምጽፍ ስለሆነ «ይሄ ነገር ያዋጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰኛል። ከጠያቂዎቹ አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ማሠልጠኛ ስድስት ወር ተምራለች፤ የተከፈለው ከእናቷ ዕቁብ ነው። ስትጨርስ ሰርተፍኬትና በሥዕል የተሞላ ወፍራም ደብተር ይዛ ወጣች። ሥዕሎቹ በእውነት ያምራሉ። ከዚያ አንዲት ትንሽ የልብስ ማምረቻ ለሙከራ ጠርታት አንድ ሸሚዝ ዘርግተው «የእጅጌውን ፓተርን አውጪልን» አሏት። አልቻለችም። ስድስት ወር ሙሉ ያስተማራት ሰው አልነበረምና። አሁን ደግሞ ለስሪዲው ሥልጠና ሌላ ብር ትክፈል ወይስ ይቅርባት? ጥያቄዋ ይህ ነው።

ይህን ለመመለስ አንድ ሸሚዝ እንዴት ሸሚዝ እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ሥዕል አለ። ማስታወቂያው የሚሸጥላችሁ ይሄንን ነው፤ ከጠቅላላው ሥራ ግን ትንሿ ክፍል ናት። ቀጥሎ ፓተርን ይመጣል። ፊት፣ ጀርባ፣ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ይሰመራል። ክብ የሆነን ሰውነት በጠፍጣፋ ጨርቅ መሸፈን ጂኦሜትሪ ነው። የእጅጌው አናት ኩርባ ከብብቱ ዙሪያ ጋር ካልተስማማ ልብሱ ትከሻ ላይ ይጨማደዳል፣ ወይም ክንድ ማንሳት ይከለክላል። ከዚያ ናሙና ይሰፋል፣ ሰው ላይ ይለካል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይሰፋል። የተስተካከለው ፓተርን በትልቅና በትንሽ ቁጥር እየተደረገ ይባዛል፤ ባለሙያዎቹ ግሬዲንግ ይሉታል። በመጨረሻ ሁሉም ነገር ቴክ ፓክ የሚባል ሰነድ ውስጥ ይገባል።

ቴክ ፓክ ማለት ልብሱን አይቶት የማያውቅ፣ ቋንቋችሁን የማይናገር ሰው፣ ደውሎ ሳይጠይቃችሁ በትክክል እንዲሰፋው የሚያደርግ ወረቀት ነው። የኮሌታው ስፋት በሴንቲሜትር፣ ስንት ሚሊሜትር ቢሳሳት እንደሚታለፍ፣ የክሩ ዓይነት፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ስፌት እንደሚያርፍ፣ በሁለት ቁልፍ መካከል ያለው ርቀት፣ ሁሉም ይጻፍበታል። ፋብሪካዎች «ፕሮዳክት ዴቨሎፕመንት» የሚሉት ይህን ከሥዕል እስከ ቴክ ፓክ ያለውን መንገድ ነው። መቀስ ከመነሳቱ በፊት ያለው ሥራ በሉት።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነውና ይቺን ሳላነሳ አላልፍም።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ተስፋው ትልቅ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ባሉ ፓርኮች ውስጥ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው «ሲኤምቲ» የሚባለው ነው፦ ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ አሽጎ መላክ። ዲዛይኑና ቴክ ፓኩ ከውጭ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ጨርቁም ጭምር። ፋብሪካው የሚሸጠው ደቂቃ ነው። ይህ ቲሸርት ለመሰፋት ይህን ያህል ደቂቃ ይፈጃል ተብሎ በሰዓት ይለካል፣ ደቂቃው በዋጋ ይባዛል፣ አለቀ። ደቂቃ ደግሞ ባንግላዴሽም አለ፣ ቬትናምም አለ። ስለዚህ ፉክክሩ «ማን ያረክሳል» ይሆናል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበርና ልብስ ለዓለም ገበያ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ጽፏል። በዚያን ጊዜ የባንግላዴሹ 95 ዶላር ነበር። በዚህ ደመወዝ ቤት ኪራይና ምግብ አልሸፈን እያላቸው ልጆቹ ይለቁ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የሠራተኛው ቁጥር በሙሉ ይቀየር የነበረበት ሁኔታ እንደነበር ያው ጥናት ያሳያል።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በኅዳር 2014 የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ሰረዘች። ገዢው ሲሄድ ዲዛይኑንም፣ ፓተርኑንም፣ ደንበኛውንም ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሁሉም የሱ ነበርና። እዚህ የሚቀረው ባዶ አዳራሽና የስፌት መኪና ነው። ሰፊዎቹን ማሳነሴ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ስፌት ሞክራችሁ የምታውቁ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የምለው ሥልጠናችን ከሞላ ጎደል ሁሉ መኪናው ላይ ወይም ሥዕሉ ላይ ቆሟል ነው። መሐል ያለውና ሰነዱን በእጁ የሚያስገባው ሙያ ብዙ አስተማሪ የለውም።

ቴክኖሎጂው የሚገባው እዚህ መሐል ላይ ነው። አዲስ ነገር ይመስላል እንጂ ኮምፒውተር ጨርቅ መቁረጥ የጀመረው አሜሪካዊው ጆሴፍ ገርበር በ1960ዎቹ መጨረሻ ባቀረበው ማሽን ነው። የፈረንሳዩ ሌክትራ እ.ኤ.አ. በ1973 ተቋቋመ፤ በ2021 ደግሞ የገርበርን ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛው። የእነዚህ ሶፍትዌሮች ትልቁ ጥቅም የሚያምር ስዕል አይደለም፣ ጨርቅ ማዳን ነው። የፓተርኑ ቁርጥራጮች ጨርቁ ላይ እንዴት ተጠጋግተው እንደሚደረደሩ የሚያሳየው ንድፍ ማርከር ይባላል። ሒሳቧን እንሥራት፦ አንድ ሸሚዝ አንድ ሜትር ተኩል ቢፈጅ፣ ለ1000 ሸሚዝ 1500 ሜትር ይገዛል። የተሻለ ድርደራ 5 በመቶ ካዳነ 75 ሜትር ተረፈ ማለት ነው። ሌላ 50 ሸሚዝ! ከአንድ ልብስ ወጪ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጨርቅ ስለሆነ ማርከር የሚችል ልጅ ለአሠሪው ትርፍ ይዞ ይመጣል።

ስሪዲውስ? እንደ ደቡብ ኮሪያው ክሎ ያሉት ፕሮግራሞች የሚያድኑት ጊዜን ነው። በፊት ናሙና ተሰፍቶ በፖስታ ባሕር ማዶ ይላካል፣ «ኮሌታው አንድ ሴንቲ ይነስ» ተብሎ ይመለሳል፣ እንደገና ይሰፋል፣ እንደገና ይላካል። ሳምንታት። አሁን ግን የመጀመሪያው እርማት ስክሪን ላይ ያልቃል። በኮሮና ጊዜ ጉዞና ፖስታ ሲቋረጥ ብዙ ኩባንያ ሳይወድ በግዱ ወደዚህ ገባ። ስለዚህ ሙያው እውነት ነው፣ ማስታወቂያው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም።

ማስታወቂያው የማይነግራችሁ ግን ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገባው ያው ፓተርን መሆኑን ነው። ያቺ የምትሽከረከር ሴት የለበሰችው ቀሚስ ፊትና ጀርባው ጠፍጣፋ ሆኖ ተሰምሮ፣ በኮምፒውተር «ተሰፍቶ» የተገኘ ነው። ብብቱ ከተሳሳተ ስክሪኑ ላይም ተሳስቶ ይታያል፤ እንዴት እንደሚታረም አይነግራችሁም። ያልተማረ ሰው እጅ ላይ ሲወድቅ ከቪዲዮ ጌም ብዙም አይለይም።

የኛ ጨርቅ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ጨርቅ ሲወድቅ የሚያሳየው ስለ ክብደቱ፣ ስለ መለጠጡና ስለ መታጠፉ በተሰጠው ቁጥር ነው። ዴኒም፣ ሐር፣ ፖሊስተር ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ሸማ ግን አለካነውም፣ አላስገባነውም። ፈታይዋ የፈተለችው ድርና ማግ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስክሪኑ ላይ እንደ ሻሽ የተንሳፈፈው ቀሚስ ሲሰፋ ሊከብድ ይችላል።

አንድ ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ አንድ ጎልማሳ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁጭ ብዬ ሲቆርጡ ሳይ ነበር። ካኪ ወረቀት የለም፣ ሜትርና ጠመኔ ብቻ። «ጋሼ፣ ፓተርን አይጠቀሙም?» አልኳቸው። በጠመኔው ግንባራቸውን ነካ ነካ አደረጉና «እዚህ ነው ያለው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ፋብሪካ ጨርቁን እንደፈለገ ይቆርጣል፣ እኔ ግን ጥበቡን ከቆረጥኩት ማን ይቀጥልልኛል?» ልክ ናቸው። የፋብሪካ ማርከር ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው ብሎ ይነሳል። ሸማው ጠባብ ነው፣ ጥለቱ የት እንደሚያርፍ ደግሞ ሸማኔው ገና ሲሸምን ወስኖታል። ፓተርኑ ጥበቡን መከተል አለበት እንጂ ጥበቡ ፓተርኑን አይከተልም። ይህንን ዕውቀት ወደ ፋይል የሚቀይር ሰው የትኛውም የውጭ ዲዛይነር የሌለው ነገር ይኖረዋል። አሁን ያለው ግን ጋሼ ግንባር ውስጥ ነው።

እዚያው ሳለሁ ከቨርጂኒያ የመጣ የሚዜዎች ትዕዛዝ ነበር፣ ስድስት ቀሚስ፣ ልኩ በቴሌግራም የተላከ። ሦስቷ በኢንች፣ ሁለቷ በሴንቲ፣ አንዷ ደግሞ «ሚዲየም ነኝ» ብላ። ቀሚሱ ከጠበበ ማን ይከፍላል? እሳቸው ናቸው የሚከፍሉት። አብራቸው የምትሠራው ልጃቸው መላ ዘይዳለች፦ በሰውነት ቅርጽ ላይ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የትከሻ ስፋት፣ ከትከሻ እስከ እግር ቁርጭምጭሚት፣ ሁሉም በቀስት የተመለከተበትና «በሴንቲሜትር ብቻ» የሚል ሥዕል አዘጋጅታ፣ ሳይሞሉት ቀብድ አትቀበልም። ማንም ኮርስ አልሰጣትም፤ ያዘጋጀችው ግን የቴክ ፓክ የመጀመሪያው ገጽ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ያልኳት እንግዲህ ይሄን ነው፦ ስሪዲውን አሁን ተይው፣ መጀመሪያ ፓተርን። ዋጋውም አለ። ፕሮግራሞቹ በዶላር የሚከራዩ ናቸው፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ደህና ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተርም ይፈልጋሉ። ክራክ የተደረገው በየቦታው አለ፣ ነገር ግን በሱ የተሠራ ሥራ ለውጭ ደንበኛ ስትልኩ ችግር ውስጥ ትገባላችሁ።

ማሠልጠኛ ስትመርጡ ሰርተፍኬቱን ሳይሆን ያለፈው ዙር ተማሪዎች የሠሩትን ፓተርን አሳዩን በሉ። ሥዕል ካመጡላችሁ «አይ፣ ወረቀቱን» በሉ። በስንት ተማሪ አንድ የስፌት መኪና እንዳለ ቁጠሩ። ተማሪው ስንት ናሙና ሰፍቶ፣ ስንቱን አርሞ እንደሚወጣ ጠይቁ፤ ግሬዲንግ በእጅም በኮምፒውተርም ይሰጥ እንደሆነም። በደረጃ የሚሰጠውን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሲኦሲ ስላለው ብቻ አትናቁት፣ ብዙ ጊዜ ከአጫጭሮቹ ይልቅ መኪና ላይ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ዲግሪ ለሚፈልግ ባሕር ዳር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በተከፈተው ፖሊቴክኒክ የተጀመረው የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ሥር ራሱን የቻለ የቴክስታይልና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል።

ብር ሳትከፍሉ መጀመርም ይቻላል፣ በያዛችሁት ስልክ። ፍሪሶዊንግ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ፤ እንግሊዝኛ ነው፣ ግን ቀላል። ልካችሁን ስታስገቡ መሠረታዊ ፓተርን በናንተ ልክ ሠርቶ በፒዲኤፍ ይሰጣችኋል። ላፕቶፕ ያላችሁ ሲምሊ ቱዲ ወይም ቫለንቲና የሚባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች ጫኑ፤ በነዚህ ፓተርኑን መስመር በመስመር የምትሠሩት ራሳችሁ ናችሁ፣ ሞተር የሚያክል ኮምፒውተርም አይጠይቁም። ፒዲኤፉን ኮፒ ቤት በኤፎር አሳትማችሁ በፕላስተር ማያያዝ ትችላላችሁ። የሕንፃ ፕላን የሚያትሙ ቤቶች ደግሞ በትልቁ ወረቀት አንድ ላይ ያወጡላችኋል፣ ልብስ መሆኑን ሲያዩ ቢስቁም። ወረቀቱ ላይ መጠን ማረጋገጫ ሳጥን አለ፤ ጨርቅ ላይ ከማሳረፋችሁ በፊት በማስመሪያ ለኩት። ከተጻፈው ቁጥር ካነሰ ሠራተኛው ሲያትም ገጹን አጥቦታል ማለት ነው፣ «መቶ በመቶ አድርገህ ድገምልኝ» በሉት።