ስካን ተደርጎ የጠፋ መጽሐፍ

ወረቀት አልባ ቤተ መጻሕፍት ሲባል ብዙ ሰው ስካነር ይታየዋል። መጽሐፉን ገጽ በገጽ ማንሳት፣ ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ መጫን፣ መደርደሪያውን ማሰናበት። ይህ ግን ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ፋይሉን የሚፈልገው ሰው እንዲያገኘው ማድረግ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፎች ለምሳሌ በአብዛኛው ዲስፔስ በተባለ ነፃ ሶፍትዌር ይቀመጣሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ አንድ ጽሑፍ ባስገባ ቁጥር ቅጽ ይሞላል፦ ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ ቁልፍ ቃላት። ሜታዳታ የሚባለው ይኸው ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ነው።

ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ያለን ደግሞ የአባት ስም ነው። አንዱ ባለሙያ «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብሎ ሲያስገባ ሌላው «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ካለ፣ ኮምፒውተሩ ሁለት ደራሲ ይቆጥራል። የአገራችን ደራሲ በራሱ ስም ነው መመዝገብ ያለበት።

ፊደሉ ይብሳል። ፀሐይን በፀ ወይም በጸ፣ በሐ፣ በሀ ወይም በኀ ብንጽፋት ለእኛ ያችው ፀሐይ ናት። በዩኒኮድ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው፣ ማሽኑ ቢያንስ ስድስት የተለያዩ ቃላት ያያል። ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ካልታዘዘ በቀር «ስራ» ብሎ የፈለገ ተማሪ «ሥራ» የሚለውን ርዕስ አያገኝም።

ዘመኑም አለ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. የቀረበ ጥናት እንዲሁ «2012» ተብሎ ከገባ፣ ለውጭ አንባቢ ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል።

ስካን የተደረገው ገጽ ራሱ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አማርኛ ያነባሉ፤ ነገር ግን ተና ቸን የምትለያቸው አንዲት ጭረት ናት፣ የደበዘዘ ገጽ ላይ ደግሞ ጭረቷ ትጠፋለች። ስለዚህ ሰው ማረም አለበት።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ስለሚያዝ፣ የሚገባው ፋይል እየበዛ ነው። ለባለሙያዎቹ ዲጂታል ሥልጠና ተብሎ ወርድና ኤክሴል ሲደጋገም ግን ይገርመኛል። የጎደለው መተየብ አይደለም፤ ሁሉም የሚከተለው አንድ የአመዘጋገብ ደንብና እሱን ሶፍትዌሩ ላይ የመተግበር ችሎታ ነው።

እስከዚያው ካታሎጉ «የለም» ካላችሁ ቶሎ አትመኑት። ፊደሉን ለውጡ፣ የአባቱን ስም አስቀድሙ፣ ዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ደምሩ፣ ካልሆነም ቀንሱ።