ካርታው ለምን አልከፈት አለ?

ግምጃ ቤት ላይ አንድ የአንከሻ ወረዳ ባለሙያ የቀበሌ ወሰን ካርታ በፍላሽ ተላከለት እንበል። የደረሰው አንድ ፋይል ነው፤ ቅጥያው ኤምኤክስዲ ይላል። የእሱ ኮምፒውተር ላይ ያለው በነፃ የሚወርደው የካርታ ፕሮግራም፣ ኪውጂአይኤስ ነው። ቢሞክረው አልከፈት አለ። ፋይሉ የተሠራበት ፕሮግራም አርክማፕ ወዳለው ጓደኛው ይዞት ቢሄድ ተከፈተ፤ ካርታው ግን ባዶ ነው። በየሌየሩ ስም አጠገብ ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት ብቻ ተደርድሯል።

የተበላሸ ነገር የለም። ኤምኤክስዲ ውስጥ ድሮም ካርታው የለም። ያለው ትእዛዝ ነው፦ ወሰኑን ከእንዲህ ያለ ማህደር አምጣ፣ ወንዙን ሰማያዊ አድርግ፣ የቀበሌውን ስም እዚህ ጻፍ። የዶሮ ወጥ አሠራር ተጽፎ ዶሮው ሳይላክ እንደ መቅረት ነው። ስለዚህ ፋይል መቀየሪያ ፕሮግራም ፍለጋ ከመባዘን ላኪው ጋ ደውሎ መረጃውን ራሱን ማስላክ ይቀድማል።

መረጃው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ስሙ በጂዲቢ በሚያልቅ ማህደር ውስጥ ነው። ማህደሩ ሲከፈት ስማቸው ትርጉም የማይሰጥ ብዙ ትናንሽ ፋይሎች ይታያሉ። መርጦ መውሰድ አይቻልም፤ ሙሉ ማህደሩ ዚፕ ተደርጎ መምጣት አለበት። ኪውጂአይኤስ ግን ያነበዋል። የአርክማፕ አምራች ኢስሪ የዚህን ማህደር ውስጣዊ አሠራር ይፋ አላደረገም ነበር። ኤቨን ሩዎ የተባለ ፈረንሳዊ ፕሮግራመር ፋይሎቹን ፈታትቶ አጥንቶ ማንበቢያ ሠራ፤ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጂዳል በተባለው ነፃ የሶፍትዌር ላይብረሪ ውስጥ ይገኛል። ኪውጂአይኤስም የሚጠቀመው እሱን ነው። በኤምፒኬ ወይም በኤልፒኬ የሚያልቅ ጥቅል ከመጣልዎትም አይደንግጡ፤ ሰቨን ዚፕ ይፈታዋል፣ ጂዲቢው ብዙ ጊዜ ከውስጥ ይገኛል።

ቀለሙና ምልክቱስ? ስላይር የተባለ ተጨማሪ ፕሮግራም የኤምኤክስዲን ትእዛዝ ወደ ኪውጂአይኤስ ይተረጉማል፤ ነፃውም የሚከፈልበትም ቅጂ አለው። ለእኔ ግን ሌየሩ ከአሥር ካልበለጠ እንደገና በእጅ መቀባቱ ይቀላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። መረጃውን በእጁ ሲያገኝ «ሁሉም ጋ ይከፈታል» ብሎ ወደ ሼፕፋይል ይለውጠዋል። ሼፕፋይል የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ነው፣ ለአማርኛም አይመችም። የአንድ ዓምድ ስም ከ10 ባይት መብለጥ አይችልም። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ (ዩቲኤፍ-8) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። እንግዲህ ያስሉት፦ ቢበዛ ሦስት ፊደል! «ቀበሌ» ለጥቂት ያልፋል፤ «የባለይዞታ ስም» እና «የባለቤት ስልክ» ግን ሁለቱም «የባለ» ላይ ይቆረጣሉ። ጂኦፓኬጅ የሚባለው ክፍት መስፈርት ይህ ችግር የለበትም፣ ሁሉንም ሌየር በአንድ ፋይል ይይዛል። ከጂዲቢ በቀጥታ ወደ ጂኦፓኬጅ ይሂዱ። (በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ስም ካለ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይታያል። እሱን የካርታ ፕሮግራም አያቃናውም፤ ጽሑፉ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።)

መረጃው ተከፈተ ማለት ደግሞ ቦታው ላይ ዋለ ማለት አይደለም። የአገራችን ነባር 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቦታ ልኬት መነሻ ነው፤ ስሙ በግብፅና ሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ የአባይ ዳር ቦታ የተወሰደ ነው። ጂፒኤስና የሳተላይት ምስል የሚከተሉት ዳብሊውጂኤስ 84ን ነው። ሁለቱ ከተምታቱ በእኛ በአዊ አካባቢ ካርታው ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ለመፈተሽ የዘንገና ሐይቅን የመሰለ የለም። ክብ ነው፣ ዳሩም ከሳተላይት ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። በካርታዎ ላይ ያለው ሐይቅ አንድ ጎኑ ጫካው ላይ ከወጣ ነገሩ አዲንዳን ነው።

ማስተካከያው ሁለት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ሌየሩ በምን እንደተሠራ ለኪውጂአይኤስ መንገር ነው፤ ለአዊ የአዲንዳን ቁጥሩ 20137 ነው። ቀጥሎ በዳብሊውጂኤስ 84 ቁጥር፣ በ32637፣ አዲስ ፋይል አድርጎ ማስቀመጥ። የመጀመሪያውን ትቶ በአዲንዳን የተሠራውን ሌየር 32637 ብሎ መሰየም ስሕተቱን ያጸናዋል፤ የቦታ ቁጥሮቹ እዚያው ናቸው፣ የተለወጠው መለያው ብቻ ነው።

ኢስሪ ለአርክማፕ የሚሰጠውን ድጋፍ የሚያቆምበትን ቀን ማርች 1 ቀን 2026 (የካቲት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.) ብሎ አስታውቋል። በክራክ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀን ምንም ላይመስለው ይችላል፤ ግን ከዓመታት በኋላ ኤምኤክስዲውን የሚከፍት ኮምፒውተር ፍለጋ የሚንከራተተው እሱ ነው።

ለወረዳ ካርታ የምትልኩ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ኤምኤክስዲውን ብቻ አትላኩ። የጂዲቢ ማህደሩን ዚፕ አድርጉ፣ አዲንዳን ይሁን ዳብሊውጂኤስ 84 በአንድ መስመር ጻፉበት፣ ካርታው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ፒዲኤፍም ጨምሩበት።