ያውቁ ኖሯል? ደወል ሰብሮ ስም ማስጠራት

▪ አፓታኒዎች በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በአሩናቻል ፕራዴሽ ግዛት፣ በዚሮ ሸለቆ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ሩዛቸውን የሚያለሙት ያለ በሬና ያለ ማረሻ፣ በእጃቸው ነው። ውሃ በተኛበት በዚያው ማሳ ዓሣም ያረባሉ።

▪ በቀድሞው ዘመን የባለጸጋ አፓታኒ ቤት ከሚታወቅባቸው ዕቃዎች መካከል የቲቤት ደወል፣ የነሐስ ሳህንና ሰይፍ ይገኙበታል። እነዚህ የሂማሊያን ተራሮች አቋርጠው፣ ከጎሳ ወደ ጎሳ እየተሻገሩ የሚመጡ ነበሩ።

▪ ደወሎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ለቡድሃ እምነት ጸሎት ነው። አፓታኒዎች ግን ፀሐይንና ጨረቃን የሚያከብረው የዶኒ-ፖሎ እምነት ተከታዮች እንጂ ቡድሂስቶች አልነበሩም። መነኩሴው የሚጸልይበትን ደወል እነርሱ በሀብትነት ያስቀምጡት ነበር።

▪ የዋጋ መለኪያው ሚቱን የተባለው፣ በጫካ እየተለቀቀ የሚረባ ግዙፍ የቀንድ ከብት ነበር። በወረራ የተማረከ ሰው ሲቤዥ ሚቱን ይከፈል፣ ደወልና ሰይፍም ይታከልበት ነበር።

▪ በጎረቤቶቻቸው በኒሺዎች ዘንድ ደወሉ «ማጂ» ይባላል። ጥሎሽ ሲቆጠር ከሚቱኑ ጎን ይቀርባል።

▪ ሁለት ባለጸጋ አፓታኒዎች ክፉኛ ሲቃቃሩ «ሊሱዱ» የተባለ ፍልሚያ ይገጥሙ ነበር። በዚህ ፍልሚያ አንዱ ሌላውን አይመታም፤ እያንዳንዱ የሚያጠፋው የገዛ ንብረቱን ነው። አንደኛው ሚቱኑን ያርዳል፣ ደወሉን፣ ሳህኑንና ሰይፉን ይሰባብራል። ባላንጣው ያንኑ ያህል ካላጠፋ ስሙ ይወድቃል፤ ካጠፋ ደግሞ ተራው ወደ ጀማሪው ይመለሳል። ለዓመታት የተጠራቀመ ሀብት በእልህ ሊያልቅ ይችላል፤ የሚያሸንፈው ብዙ የተረፈው ሳይሆን ብዙ ያጠፋው ነው።

▪ የዚህ ልማድ አምሳያ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍም ነበር። የካናዳዎቹ ክዋክዋካዋክዎች በ«ፖትላች» ድግስ ላይ የየራሱ ስም ያለውን የመዳብ ጋሻ እየቆራረጡ ባላንጣቸውን ያሳፍሩ ነበር። የካናዳ መንግሥት ድግሱን እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1951 በሕግ ከልክሎታል።

▪ የሊሱዱን ሥርዓት ለውጭው ዓለም ካስተዋወቁት አንዱ በትውልድ ኦስትሪያዊ የሆነው አንትሮፖሎጂስት ክሪስቶፍ ፎን ፊውረር-ሃይመንዶርፍ ነው። ወደ ዚሮ የዘለቀው እ.ኤ.አ. በ1944 ሲሆን፣ ስለ አፓታኒዎችና ስለ ጎረቤቶቻቸው የጻፈው መጽሐፍ በ1962 ታትሟል።

▪ መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ሕንድና ቻይና በዚሁ አካባቢ ባለው ድንበራቸው ላይም ተዋጉ። በቻይና ሥር ከነበረችው ከቲቤት ጋር ይካሄድ የነበረው የቀድሞ ንግድ ቆመ፤ ደወሉ ይመጣበት የነበረው መንገድም ተዘጋ። ለተሰበረ ደወል በዚያ መንገድ ምትክ መምጣቱም ቀረ።