ተጨማሪ መረጃ፦ ለነገ የማያድር እሸት

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በጅማ ዙሪያ፣ በአጋሮ፣ በጌራና በሊሙ ቡና ይለቀማል። ለመታጠብ የተለቀመ ቀይ እሸት ቡና በዚያው ዕለት መፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ ገና በጆንያው ውስጥ መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ "ነገ እወስደዋለሁ" ብሎ የሚያሳድር ገበሬ አይበዛም። ከልቀማ የተመለሰ ተማሪ ግን የቤት ሥራውን ያለ ብዙ ጭንቀት ያሳድራል። ደብተር እንደ ቡና አይበላሽማ!

ሁሉንም ስንፍና ማለት ግፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲለቅም የዋለ ልጅ ደክሞታል፤ ጊዜ ማጣትና ጊዜ እያለ ሥራን መግፋት አንድ አይደሉም። ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ጊዜ እያለን ሥራ የምንገፋው በአብዛኛው ሥራው የሚያመጣብንን መሰላቸት ወይም ፍርሃት ለመሸሽ ነው። እፎይታው ለጊዜው ነው፤ ፈተና ሲቀርብ ፍርሃቱ ከነወለዱ ይመለሳል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘርና ባልደረባው ቬሮኒካ ብራንድሽቴተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች በገና ሰሞን በ48 ሰዓት ውስጥ አጭር ዘገባ እንዲጽፉ ተጠየቁ። መቼና የት እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት አብዛኞቹ በጊዜው ጨረሱ፤ ካልወሰኑት ግን አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ። ስለዚህ "ዛሬ አጠናለሁ" አይበቃም። "ከእራት በኋላ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ ሁለት የሒሳብ ጥያቄ እሠራለሁ" ይበልጣል።

የሚቀጥለውን የቤት ሥራችሁን የትና በስንት ሰዓት እንደምትጀምሩ አሁኑኑ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።