የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማብሪያ ማጥፊያ ሲበላሽ

በጌዴኦ ዞን፣ ለዲላ ከተማ ቅርብ በሆነችው ጪጩ የሚኖሩ የዚህ ዘጋቢ ቤተ ዘመድ የልብስ ማጠቢያ ማሽናቸው አልነሳም ካለ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር፡፡ አስቀድሞ የተመለከተው ጠጋኝ ሞተሩ ተቃጥሏል በማለቱ ባለቤቲቱ ማሽኑን በቁርጥራጭ ዋጋ ሊሸጡት ተዘጋጅተው ነበር፡፡ ሽፋኑ ሲከፈት የታየው ግን ሌላ ነው፡፡ ሞተሩ ደህና ሲሆን፣ የማብሪያ ማጥፊያው አንድ እግር ጠቁሮ፣ በእግሩ ላይ የሚሰካው የሽቦ ጫፍም ሽፋኑ ቀልጦ ተገኝቷል፡፡

ዝናብና ጉም በሚበዛበት በዚህ አካባቢ የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም፡፡ ልብስ ጨምቆ የሚያወጣ ማሽን ያለው ቤተሰብ በዚህች ትንሽ ዕቃ ምክንያት ማሽኑን ማጣቱ የሚያስቆጭ ነው፡፡ ከዚህ የባሰው ደግሞ ማሽኑን ለማስነሳት ሲባል የሚደረገው አቋራጭ ነው፡፡

ማብሪያ ማጥፊያው የሚበላሽበት ምክንያት በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል፡፡ ውኃ የሚያሞቅ ማሽን እስከ 2 ሺህ ዋት ገደማ ይወስዳል፡፡ ይህ በአገራችን የቤት መስመር በ220 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ያህል ነው፡፡ የሽቦው ጫፍ ከላላ ወይም በእርጥበት ከዛገ፣ በመገናኛው ላይ ግማሽ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጠር እንኳ 40 ዋት ገደማ ሙቀት ይወጣል፡፡ የ40 ዋት አምፖል ሙቀት የጣት ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ሲከማች ፕላስቲኩ መቅለጡ አይቀርም፡፡ መብራት በተቆራረጠ ቁጥር ማሽኑ ሳይጠፋ ቀርቶ ኃይሉ ሲመለስ በድንገት መነሳቱም የውስጥ መገናኛዎቹን ሊጎዳ ይችላል፡፡ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ማጥፋት የሚመከረው ለዚህ ነው፡፡

ይሁንና አልነሳም ያለ ማሽን ሁሉ ማብሪያ ማጥፊያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፡፡ በቅድሚያ በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ዕቃ ሰክቶ መሞከር፣ ቀጥሎም ብሬከሩንና ፊውዙን ማየት ይገባል፡፡ የማሽኑ መብራት በርቶ ሥራ ካልጀመረ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ በሩ መቆለፊያ ይዞራል፡፡ ከፊት የሚከፈቱ ማሽኖች በሩ መዘጋቱን የሚያረጋግጥ የራሳቸው ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው፡፡ ባለ ሁለት ገንዳ ማሽኖችም የመጭመቂያው ክዳን ሲነሳ ሞተሩን የሚያቆም ተመሳሳይ ዕቃ አላቸው፡፡ ይህን የደኅንነት ዕቃ ከመስመር ማውጣት የሕፃናትን እጅ ለሚሽከረከር ገንዳ አሳልፎ መስጠት ነው፡፡

ምርመራው የሚጀመረው ስፒናውን ከሶኬት በመንቀል ነው፤ በቁልፉ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፡፡ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች የያዙትን ኃይል እስኪለቁ ጥቂት ደቂቃዎች መጠበቅም ያስፈልጋል፡፡ ሽፋኑ ከተከፈተ በኋላ የሽቦዎቹን አቀማመጥ በሞባይል ፎቶግራፍ ማንሳት ኋላ ከመደናገር ያድናል፡፡ ከዚያም ሽቦዎቹ ከእግሮቹ ተነቅለው በመልቲሜትር ይለካል፡፡ ደህናው ዕቃ ሲበራ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ኦም ያሳያል፣ ሲጠፋ ምንም አያስተላልፍም፡፡ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፡፡ መልቲሜትር የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ የተቃጠለ መገናኛም በልኬት ደህና ሊመስል ይችላል፡፡ ስለዚህ የጠቆረ እግርና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከልኬቱ እኩል መታየት አለባቸው፡፡

አዲሱ ዕቃ በአምፔርና በቮልት ከአሮጌው ማነስ የለበትም፡፡ ቁጥሩ፣ ለምሳሌ 16 አምፔር 250 ቮልት የሚለው፣ በጎኑ ተጽፎ ይገኛል፡፡ አሮጌው ሁለቱንም መስመሮች የሚቆርጥ ከሆነ አዲሱም እንደዚያው መሆን ይኖርበታል፡፡ ክብ ባለ ሁለት እግር ስፒና ተገልብጦም ሊሰካ ስለሚችል፣ አንድ መስመር ብቻ የሚቆርጥ ዕቃ ኒውትራሉን ቆርጦ ፌዙን በማሽኑ ውስጥ ሊተው ይችላል፡፡ ማሽኑ ጠፍቷል ተብሎ ሲነካ አደጋ የሚደርሰው እንዲህ ሲሆን ነው፡፡ የቀለጠው የሽቦ ጫፍም አብሮ መለወጥ አለበት፤ በላላ ጫፍ ላይ የተሰካ አዲስ ዕቃ ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል፡፡

በንክኪ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚሠሩ አዳዲስ ማሽኖች አሠራራቸው የተለየ በመሆኑ ለባለሙያ ቢተዉ ይሻላል፡፡

በየሠፈሩ የተለመደው አቋራጭ «ዳይሬክት» ማድረግ፣ ማለትም ማብሪያ ማጥፊያውን አውጥቶ ሽቦዎቹን በማያያዝ በፕላስተር መጠቅለል ነው፡፡ ማሽኑ ይነሳል፡፡ ነገር ግን ውኃ ሲፈስ ወይም ሽታ ሲመጣ በእርጥብ እጅ ስፒና ከመንቀል በስተቀር ማጥፊያ አይኖረውም፡፡ የማሽኑ አካል ብረት ሲሆን ኧርዝ ከሌለው ደግሞ አንድ የተላጠ ሽቦ ይበቃል፡፡ 30 ሚሊ አምፔር የሰውን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ መጠን ሲሆን፣ ባለ 16 አምፔር ተራ ብሬከር ከዚህ ከ500 ጊዜ በላይ ለሚበልጥ ኃይል የተሠራ በመሆኑ አያስተውለውም፡፡ ለዚህ ተብሎ የተሠራው ወደ መሬት የሚያፈተልከውን ኤሌክትሪክ ለይቶ የሚቆርጥ ብሬከር ነው፡፡ ኧርዙን ከውኃ ቧንቧ ጋር ማሰርም ዛሬ አስተማማኝ አይደለም፤ ብዙው ቧንቧ ፕላስቲክ ሆኗልና፡፡

ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል፡፡ በጤና ተቋማትና በተማሪዎች ማደሪያዎች ያሉ ማሽኖች አገልግሎት የማይሰጡ ተብለው ለንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሲቀርቡ፣ የተበላሸው ክፍል የትኛው እንደሆነ የሚገልጽ የባለሙያ ማረጋገጫ አብሮ ሊቀርብ ይገባል፡፡ «አይሠራም» የሚል አንድ መስመር በቂ አይመስለንም፡፡

በጪጩው ቤት ማብሪያ ማጥፊያውና የሽቦው ጫፍ ተለወጡ፡፡ ሆኖም የሶኬቱ ኧርዝ ቦታ ሲፈተሽ ከበስተጀርባው ምንም ሽቦ አልነበረም፡፡ ከቆጣሪ በኋላ ያለው መስመር የደንበኛው ኃላፊነት በመሆኑ ባለቤቲቱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተው ኧርዝ አስቀበሩ፡፡ ማሽኑ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዙርም ያለ ልብስ፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ የማብሪያ ማጥፊያውን ዙሪያ ሙቀት እየተከታተለ የተካሄደ ነበር፡፡